ዜሮኛው መስመር

የኮምፒውተር ክፍሉን ቁልፍ ስጠይቀው የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። የምሬን መሆኑን ሲያውቅ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ የባዮሎጂ መምህርት ነሽ» አለኝ። «ልጆቹም የባዮሎጂ ተማሪዎች ናቸው። ፕሮግራሚንግ ምን ያደርግላቸዋል?»

«የሰበሰቡትን ቁጥር ራሳቸው እንዲያነቡበት ነው።»

«ለእሱማ የኮምፒውተር ልጆች አሉልን።»

ከጎኑ የኮምፒውተር ትምህርት ክፍል መምህር የሆነ ባልደረባችን ተቀምጧል። ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ሻይ ቀርቦለት ነበር። ብርጭቆውን ከአፉ ሳያወርድ «ማውዝ ብትሰጫቸው እኮ እውነተኛ አይጥ መስሏቸው ሆዱን ቀደው ነው የሚያዩት» አለ። ሁለቱም ሳቁ። እኔም አብሬ ፈገግ አልኩ። ያቺ ፈገግታ እስከ ዛሬ ታናድደኛለች።

ቁልፉን ሳላገኝ ወጣሁ። በሩ ላይ እንደደረስኩ ግን ዞሬ «ቅዳሜ እጀምራለሁ» አልኳቸው። የት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

ለምን ሙጭጭ እንዳልኩ ልናገር። የሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ ሁለት ክረምት ሙሉ ሐብሩ ውስጥ በየረግረጉና በየወንዙ ዳር እየዞርኩ የትንኝ እጭ ቆጥሬያለሁ። የመርሳ ልጅ ስለሆንኩ አገሩን አውቀዋለሁ፤ ሰዉም ያውቀኛል። «የእገሌ ልጅ አብዳ ውኃ በማንኪያ ትጨልፋለች» እስከመባል ደርሻለሁ። ደብተሬ በቁጥር ሞላ። ቁጥሩን ምን እንደማደርገው ግን አላውቅም። ለሚያውቅ ሰው ሰጠሁትና በሦስተኛው ቀን የሚያማምር ሰንጠረዥ አድርጎ መለሰልኝ።

ጥናቴን ባቀረብኩ ቀን ከፈታኞቹ አንዱ ሰንጠረዡ ላይ ጣቱን አሳርፎ «ይህ ቁጥር ከየት መጣ?» አለኝ። አፌ ደረቀ። ጭቃው ውስጥ የገባሁት እኔ፣ እጩን የቆጠርኩት እኔ፣ ወባ ይዞኝ የተኛሁትም እኔ ነኝ። ስለ ሥራዬ መልስ ያለው ሰው ግን አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። አሳለፉኝ። እኔ ግን ራሴን አላሳለፍኩም። ከዚያ በኋላ፣ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በአንድ አሮጌ ላፕቶፕና በሚቆራረጥ ኢንተርኔት ፕሮግራም መጻፍ ተማርኩ። ቀርፋፋ ተማሪ ነበርኩ። ብዙ ጊዜ አልቅሻለሁ። ጦርነቱ መጥቶ ከወልድያ ስንወጣ ከልብሴ በፊት ያነሳሁት ያንን ላፕቶፕ ነው። ስንመለስ የዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ክፍሎች ውስጥ የጠበቀን ገመድና አቧራ ነበር። በኋላ የመጡት ጥቂት ኮምፒውተሮች እንደ ታቦት ተቆልፎባቸው ቢቀመጡ አይገርመኝም። ግን ደግሞ ተማሪ ያልነካው ኮምፒውተር ለማን ነው?

ማስታወቂያ በእጄ ጽፌ ለጠፍኩ። ቅዳሜ ጠዋት ጣሪያው ወደሚያፈሰው፣ ማንም ወደማይፈልገው የመማሪያ ክፍል አሥራ ዘጠኝ ተማሪዎች መጡ። ሁሉም ሦስተኛ ዓመት ናቸው። ከመካከላቸው ባዮሎጂን መርጦ የገባ ሦስት ቢሆን ነው፤ የቀሩት ሕክምናና ፋርማሲ ሞልተው ምናልባትም እያለቀሱ የተመደቡ ናቸው። ስለዚህ «አይገባህም» እና «አይደርስሽም» መባልን ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። የባልደረባዬን ቀልድ ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ከኋላ አንዱ «እውነት እንደዚህ አሉ?» አለ። «አዎ» አልኩና ከቦርሳዬ የሞተ ማውዝና አንድ ትንሽ ዊንች መፍቻ አወጣሁ። «እንግዲህ ባዮሎጂስቶች አይደለን? እንቅደደው።»

ቀደድነው። የውስጡን መብራት፣ ሰሌዳዋን፣ ሲጫኑት ቀጭ የምትለዋን ትንሽ ቁልፍ አንድ በአንድ እያወጡ ወረቀት ላይ ደረደሩ። እንደ እንቁራሪት ሥዕሉን ስለው ክፍሎቹን ሰየሙ። ያን ቀን ከዚህ ሌላ አላስተማርኩም። ሲወጡ ግን የሚፈሩት አንድ ነገር ቀንሶላቸው ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ይዤ ገባሁ። «የላብራቶሪ አሠራር ጽፋችሁ ታውቃላችሁ?» አልኳቸው። ያውቃሉ፤ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የሚጽፉት እሱን ነው። «በማይክሮስኮፕ የሽንኩርት ሽፋን የምናይበትን አሠራር ጻፉልኝ። እኔ ማሽን ነኝ፤ የጻፋችሁትን ብቻ አደርጋለሁ።» አንድ ልጅ ጻፈና አነበበ። «የሽንኩርቱን ሽፋን ላጡ» ይላል። ላጥኩ። እንደገና ላጥኩ። ሽንኩርቱ አልቆ መዳፌ ውስጥ ምንም እስኪቀር ድረስ ላጥኩ፤ ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ። «ኧረ ቲቸር ይበቃል!» ብለው ጮኹ። «ይበቃል የሚል የታለ? አልጻፋችሁልኝም» አልኳቸው። በሳቅ ፈረሱ። ኮምፒውተር አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ የሚፈጽምበትን፣ ሉፕ የሚባለውን ነገር፣ ማቆሚያ ካልተሰጠውም እንደማይቆም እንዲህ ነው የተማሩት። ኮዱን በጠመኔ እጽፋለሁ፤ እነሱ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። ከዚያ ተራ ገብተው በእኔ ላፕቶፕ ይሞክሩታል። ስማርት ስልክ ያላቸው ደግሞ በስልካቸው።

ተራዋ ሲደርስ ሁልጊዜ ለሌላ የምታስተላልፍ አንዲት ልጅ ነበረች። የግራና ልጅ ናት፤ ከከተማዋ ወጣ ካለ የገበሬ መንደር የመጣች። ሻሿን ግንባሯ ድረስ ዝቅ አድርጋ ከግድግዳው ጥግ ትቀመጣለች። የእጅ ጽሑፏ የታተመ ይመስላል፤ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን ኮድ ሳርም ስሕተት አላገኝበትም። ቁልፎቹን ግን አትነካም። አንድ ቀን ሌሎቹ ሲወጡ አስቀረኋት።

«ለምንድን ነው የማትሞክሪው?»

«ቲቸር፣ እኔ ብነካው ይበላሻል።»

«ይበላሽ። የኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ቤተሰቦቼ እስካሁን የተማርኩት ይበቃል እያሉኝ ነው የመጣሁት። እዚህ አንድ ነገር ካበላሸሁ ... » አልጨረሰችውም።

«ስሚ» አልኳት፤ ድምፄ ከፈለግሁት በላይ ጠንክሮ ወጣ። «የተበላሸ ነገር ተጠግኖ ያውቃል። ፈርቶ ሳይነካ የቀረን ሰው ግን ማንም ጠግኖት አያውቅም። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። አንድ ፊደል ለማግኘት ቁልፎቹን ሁሉ በጣቷ ትዳስሳለች። የመጀመሪያ ፕሮግራሟን ለመጻፍ ከግማሽ ሰዓት በላይ ፈጀባት። ስሟን ጽፎ ሲያወጣላት አልሳቀችም፤ «ላጥፋውና እንደገና ልጻፈው?» አለችኝ።

ልጆቹ ትንሽ ሲበረቱ ለምን ቁጥር ከመጽሐፍ እንቀዳለን የሚል ሐሳብ መጣልኝ። ከወልድያ ወደ መርሳ በተጓዝኩ ቁጥር ሲሪንቃ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ታርጋ የተተከለላቸው የእርሻ ምርምር የሙከራ ማሳዎች አያለሁ። እያንዳንዱ መደብ ቁጥር አለው፤ እያንዳንዱን ቁጥር የሚያነብ ሰው አለ። የእኛ ልጆችስ? ምን ብንቆጥር ይሻላል ብዬ ስጠይቅ ከጥጉ ድምፅ መጣ።

«አቀንጭራ» አለች የግራናዋ ልጅ። «የአባቴ ማሳ ላይ ሞልቷል።»

አቀንጭራ የማሽላን ሥር ከመሬት በታች ጠብቶ የሚያደርቅ አረም ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራል። ገበሬው ግን ሲያየው ይረግመዋል።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል አንድ ቅዳሜ ስምንት ሆነን መርሳ ደረስን፤ ከዚያም ወደ ግራና በሚሄድ ሚኒባስ ተጠጋግተን ገባን። አባቷ ማሳው ጠርዝ ላይ ቆመው ነበር የጠበቁን። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው።

«አሰላሙ አለይኩም አባባ፤ እንዴት ሰነበቱ?» አልኳቸው።

«ወአለይኩም ሰላም። አልሐምዱሊላህ። አንቱ ነዎት መምህሯ?» አሉኝ። ልጃቸው ልሆን የምችል ሴት አንቱ ስባል አፈርኩ። «አንቺ ይበሉኝ እንጂ» ብላቸው «የልጄን መምህር እንዴት አንቺ እላለሁ?» ብለው ጉዳዩን ዘጉት። ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ የያዙትን ልጆች ተራ በተራ አዩ። «ምንድን ነው የምትቆጥሩት?»

«አቀንጭራውን ነው አባባ፤ በየመስመሩ ስንት እንዳለ።»

«እየነቀላችሁ ብትቆጥሩት አንጠቃቀምም?»

ትክክል ነበሩ። እየነቀልን ቆጠርን። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የማሽላው ቅጠል ክንድ ይፍቃል። አባትየው ጥንቅሽ ቆርጠው ለሁላችንም አደሉን፤ እየመጠጥን ሠራን። መጀመሪያ የቆጠርነው ከጎርፍ መውረጃው ዳር ያለውን መስመር ነው፤ ከዚያ ወደ ውስጥ እየገባን እስከ ወዲያኛው ዳር ዘለቅን። ስንጨርስ ቁርቁራ ዛፍ ሥር ላፕቶፑን ከፈትኩ። ልጅቷ በጉልበቷ ተንበርክካ ቁጥሮቹን አስገባች፤ ፕሮግራሙን ከቤት ጽፋ፣ እኔም አርሜላት መጥተናል። ድምሩን እንዲያወጣና አቀንጭራ ከሁሉ የበዛበትን መስመር እንዲነግረን ነው ያዘዝነው።

ፕሮግራሙ ሠራ። ጓደኞቿ አጨበጨቡ። እሷ ወደ አባቷ ዞራ «አባዬ፣ ከሁሉ የበዛው መሐል ነው ይላል። እዚያ፣ ከጉቶው አጠገብ» አለች። በሕይወቷ እንደዚያ ቀን ቀጥ ብላ ቆማ የምታውቅ አይመስለኝም።

አባቷ ማሳቸውን አዩ፤ ላፕቶፑን አዩ። «ሐሰት ነው» አሉ።

በእጃቸው ወደ ጎርፍ መውረጃው ጠቆሙ። «የበዛው ዳሩ ላይ ነው፤ ጎርፉ በሚገባበት። የሰውን ሁሉ አረም ተሸክሞ የሚያመጣብኝ ጎርፉ ነው። ይሄን ለማወቅ ይሄ ዕቃ አያስፈልገኝም።»

አንደኛው ተማሪ በሹክሹክታ «ሽማግሌ ናቸው፤ ኮምፒውተር አይሳሳትም» አለ። ሰማሁት። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ለአፍታ እንደዚያው አስቤያለሁ። በዚያች አፍታ ከእነዚያ ቢሮ ውስጥ ከሳቁብኝ ሰዎች በምን እንደምለይ ዛሬም አላውቅም።

ልጅቷ ግን ወረቀቱን አነሳች። በጣቷ ከላይ ጀምራ ወረደች፤ እንደገና ወደ ላይ ወጣች። ፊቷ ተለወጠ። «ቲቸር፣ አባቴ ልክ ነው። የዳሩ መስመር እዚህ ወረቀቱ ላይ አለ፤ ከሁሉም ይበልጣል። ፕሮግራሙ አላየውም።»

ጎንበስ ብዬ ኮዱን አየሁ። ስሕተቱ አፍጥጦ ያየኛል። ኮምፒውተር በዝርዝር ሲቆጥር የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ የመጀመሪያው መስመር ለእሱ ዜሮኛ ነው። እኛ ከአንድ ጀምር ብለነዋል። እሱም እንደታዘዘው የመጀመሪያውን መስመር ዘሎ፣ ምንም ሳያጉረመርም፣ የተሳሳተውን መልስ በልበ ሙሉነት ሰጥቶናል። እኔ ነኝ ኮዱን ያረምኩት። እኔ ነኝ ደህና ነው ያልኩት።

«ስሕተቱ የእኔ ነው» አልኳቸው ለአባቷ፣ ልጆቹ ሁሉ እየሰሙ። «ልጅዎት አይደለችም። ያረምኩት እኔ ነኝ። ማሽኑ ከዜሮ ነው የሚቆጥረው፤ እኔ ረስቼው አለፍኩ።»

«ዜሮ የሚባል መስመር ማሳዬ ላይ የት አለ?» አሉ፤ ከዚያ ሳቁ። ሳቃቸው የሚያሳፍር አልነበረም። «እንግዲህ ዕቃውም እንደ ሰው ይመከራል ማለት ነው።»

ልጅቷ አንድ ቁጥር አጠፋች፤ ዜሮ ጻፈች። እንደገና አሠራችው። የዳሩ መስመር ወጣ። አባቷ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብለው ማንበብ የማይችሉትን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ ለእኔ ሳይሆን ለእሷ «አሁን እውነት ተናገረ» አሏት።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ወልድያ ገባ መሰለኝ፤ በቀጣዩ ሳምንት የትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ ተጠራሁ። አጀንዳው «ከሥርዓተ ትምህርት ውጪ የሚሰጥ ትምህርት» የሚል ነበር። ያለ ፈቃድ ተማሪ ይዞ መውጣትም ተጨመረበት። የኮምፒውተሩ ባልደረባችን በእንግድነት ተጋብዟል። እኔ ደግሞ ማንንም ሳላስፈቅድ የግራናዋን ልጅ ይዤ ገባሁ።

«ተማሪ ስብሰባ ላይ አይቀመጥም» አለ ኃላፊው።

«ስለ እሷ እኮ ነው የምንነጋገረው» አልኩ። «አትቀመጥም። ትቁም።»

ቆመች። ባልደረባችን ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተደግፎ ፈገግ አለ። «እሺ እህቴ፣ ቀላል ጥያቄ ልጠይቅሽ። የአንድ ዝርዝር የመጀመሪያው ቁጥር ስንተኛ ነው?» ወጥመድ ነበር፤ ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበት።

«ዜሮኛ» አለች።

«ጎበዝ። ማን አስተማረሽ?»

ወደ እኔ አላየችም። «አባቴ» አለች። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ የአቀንጭራውን፣ የጎርፉን፣ የራሷን ስሕተት፣ የእኔንም ስሕተት ሳትደብቅ። ስትጨርስ ባልደረባችን ፈገግታው የለም። «ይህ ስሕተት እኔንም ብዙ ጊዜ አዋርዶኛል» አለ፤ ከእሱ የሰማሁት የመጀመሪያው ደግ ቃል ነው።

እንዲህ ሆኖ ፈቀዱልን ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። አልፈቀዱም። ክርክሩ ረዘመ፤ በመጨረሻ እዚያው በተጻፈ ደብዳቤ ትምህርቱ እንዲቋረጥ ተወሰነ፤ ምክንያቱም ማርክ የሌለው፣ ምስክር ወረቀት የማይሰጥበት ነገር ነው። ልጅቷ ተናግራ እንደጨረሰች አስወጥተዋት ከበሩ ውጪ እየጠበቀችኝ ነበር። ደብዳቤውን ሳሳያት አንብባ መለሰችልኝና «ምስክር ወረቀት ማን ጠየቃቸው?» አለች። ያን ጊዜ ነው ወደኋላ እንደማልመለስ እርግጠኛ የሆንኩት። ቅዳሜ መጣ፤ ክፍሉን ከፈትኩ። አሥራ ዘጠኙ መጡ፤ አምስት አዲስ ልጆችም አብረው። በቀጣዩ ወር የቅዳሜ ፈተና ጥበቃ ላይ ተመደብኩ። ትምህርቱን ወደ እሁድ ከሰዓት አዞርነው። ክፍሉ ተቆለፈ። ከግቢው ጀርባ ባለው የዛፍ ጥላ፣ አንድ አሮጌ ሰሌዳ ግንዱ ላይ አስደግፈን ተማርን። ነፋሱ የጠመኔውን ብናኝ ይበትነዋል። ያለፈ ያገደመው እየቆመ ያየናል። አንድ እሁድ ባልደረባችን መጥቶ ቆመ። ጠመኔውን ከእጄ ተቀብሎ፣ ሁለት ነጥብ ከሌለው የማይሠራ የኮድ መስመር ላይ የረሳኋቸውን ነጥቦች ጨመረልኝና ሄደ። ስለ ማውዙ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔም አልረሳሁለትም። ቢሆንም ሁለቱ ነጥቦች በቦታቸው ነበሩ።

ደብዳቤው ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥቷል። ሁለት ጊዜም ፈርሜ ተቀብያለሁ፤ መቀበል መታዘዝ አይደለም። ይህን ስጽፍ አራተኛውን ዙር ልጆች እያስተማርኩ ነው። ሁሉም አይዘልቁም። ግማሾቹ በሦስተኛው ሳምንት ይጠፋሉ፤ አንዳንዱ ምንም ቢደረግ አይገባውም፤ አንዳንዱ ገብቶት ሥራ አላገኘበትም። ለማንም ሀብት ቃል ገብቼ አላውቅም። ቃል የምገባው ስለ ቆጠሩት ነገር ሲጠየቁ አፋቸው እንዳይደርቅ ብቻ ነው።

የግራናዋ ልጅ ከተመረቀች በኋላ አንድ ዓመት ያህል ቤት ተቀመጠች። ከዚያ ሐብሩ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ መምህርት ሆና ተቀጠረች። ባለፈው መጋቢት ደወለችልኝ። ዳይሬክተሩ ለትምህርት ቤቱ የመጡትን ሁለት ኮምፒውተሮች ለጽሕፈት ሥራ ብቻ ነው ብሎ ቢሮው ውስጥ አስቀምጧቸዋል። «ምን ልታደርጊ አሰብሽ?» አልኳት።

«ከትምህርት በኋላ ሜዳው ላይ በጠመኔ ጀምሬያለሁ፤ ሃያ ሁለት ሆነዋል» አለች። የደወለችው ግን ለእሱ አልነበረም። አንድ ተማሪዋ የጠየቃት ጥያቄ አስቸግሯት ነው፤ በስልኳ የሞከሩት ፕሮግራም ለምን ባዶ መስመር እያተመ እንደሚያልፍ አልገባትም። ኮዱን አንድ በአንድ እያነበበችልኝ፣ እኔም ወረቀት ላይ እየገለበጥኩ፣ ካርዷ እስኪያልቅ ድረስ ተከራከርን።